ሞተር እንዳይነሳ የማለው ባለታክሲ

የስልሳ ስድስቱ የካቲት ነው። ቤንዚን ጨመረ ተባለና አቃቂ ታመሰች። «ዛሬ ቤንዚን፣ ነገ ጤፍ፣ ከነገ ወዲያ ጨው!» ብሎ ያልጮኸ አልነበረም። ከሁሉም የባሰው ግን ባለታክሲው ገብረጻድቅ ነው። ድልድዩ ላይ ለተሰበሰቡት የፋብሪካ ሠራተኞች፣ «ሞተር ያስነሳ መኪና እንዳያልፍ! የእኔም ብትሆን በድንጋይ በሏት!» ብሎ ማለ። አጨበጨቡለት። አፍ ምን አለበት!

በማግስቱ ሚስቱን አስካለማርያምን ምጥ ያዛት። አዋላጇ እማማ ዳሲቱ ሆዷን ዳብሰው ሲያበቁ ፊታቸው ተለወጠ። «ልጁ በአግድም ነው፤ ቶሎ ክሊኒክ አድርሳት» አሉት። ክሊኒኩ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው። መንገዱ ድንጋይ በያዘ ሰው ተሞልቷል፤ ያስያዛቸው ደግሞ ራሱ ገብረጻድቅ ነው።

ሚስቱን ትንሿ ታክሲው፣ ሰይቸንቶዋ ውስጥ አስተኛና ሞተር ሳያስነሳ፣ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በትከሻው ይገፋ ጀመር። ድልድዩ ጋ ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ቀጀላ፣ ድንጋዩን እንደያዘ መጣ። የሰይቸንቶ ሞተር ከኋላ አይደል፣ ክዳኑን በመዳፉ ዳበሰው። «ቀዝቃዛ ነው» አለና ድንጋዩን ጥሎ ከጓደኞቹ ጋር መግፋት ያዘ። ገብረጻድቅ ገብቶ መሪውን ጨበጠ።

ሐዲዱ ላይ ሲደርሱ ጎማው ተሰነቀረ። ቢገፉ ቢገፉ ወይ ፍንክች! በዱከም በኩል ባቡሩ ጮኸ።

«አስነሳት እንጂ!» አለ ቀጀላ።

ገብረጻድቅ ቁልፉን አዞረ፤ ማስነሻዋን መሳብ ግን እጁ እንቢ አለው። ከማዶ የቆሙት ድንጋይ እያነሱ ነበር። ከባቡሩ ይልቅ እነሱን ፈራ። ሰው እንዲህም ይፈራል!

አስካለማርያም እያቃሰተች ከኋላ ተንጠራራችና በወንበሮቹ መሃል ያለችውን ማስነሻ ሳበቻት። «ለአንተ መሐላ ብዬ ልጄን አልገድልም!»

ሞተሩ ተነሳ። ሰይቸንቶዋ ከሐዲዱ ዘላ ወጣች፤ ባቡሩም ከኋላዋ አለፈ። ቀጀላ እጆቹን ዘርግቶ ከፊቷ ይሮጥ ነበር። «ምጥ ነው! አትወርውሩ!» ቢልም በዚያ ጩኸት ማን ይስማው! የመጀመሪያው ድንጋይ ግንባሩ ላይ አረፈ። ሰዎቹ ደሙን ሲያዩ ነው እጃቸውን የመለሱት።

አስካለማርያም በሰላም ተገላገለች። ገብረጻድቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊላት አልገባም፤ ክሊኒኩ በር ላይ ተቀምጦ የቀጀላን ግንባር በሸሚዙ ይጠርግ ነበር።

«ማነው የወረወረብህ?» አለው።

«አንተ ነሃ» አለ ቀጀላ።