የእማማ ደረስኩ መሪ

እማማ ደረስኩን የማያውቅ ሰው ሰፈራችን ውስጥ ቢገኝ ትናንት የገባ ተከራይ መሆን አለበት። አዋላጅ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው በስልክ ምክንያት ነው። ሚስቱን ምጥ የያዛት ባል እየተንተባተበ ሲደውልላቸው፣ ገና አንድ እግር ጫማቸውን አልጋ ሥር እየፈለጉ «ደረስኩ! ደረስኩ!» ይሉታል። ማንም ግን ተቀይሟቸው አያውቅም፤ እውነትም ይደርሱ ነበርና። የምታደርሳቸውም ጀርባዋ እንደ ኤሊ የጎበጠ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ አንዲት አመድማ መኪና ነበረች። እኔ ስወለድም በራችን ላይ ቆማ ነበር ትላለች እናቴ።

መኪናዋ ስታረጅ መሪዋ ላላ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ እማማ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያሉ እንደ ጀልባ ቀዛፊ ነበር የሚነዷት። «እኔና እሷ ተግባብተናል» ይሉ ነበር ሰው ሲያስጠነቅቃቸው። አንድ ቀን ጠዋት ግን መግባባቱ አበቃ። ወደ ጤና ጣቢያው በር ሊታጠፉ ሲሉ መሪው ዞረ፤ ጎማዎቹ ግን አልሰሙም። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄዳ የአትክልቱን አጥር ተደግፋ ቆመች። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። እማማ ወርደው ነጭ ካፖርታቸውን ለበሱና ወደ ሥራቸው ገቡ። መኪናዋ ተጎትታ ጓሮ ገባች፤ ሸራ ለበሰች፤ ዓመታት አለፉ።

ጡረታ ሲወጡ የመጀመሪያውን ሰሞን የራሳቸውን ቁም ሣጥን ሲያስተካክሉ ከረሙ። ቀጥሎ ወደ ልጃቸው ቁም ሣጥን ተሻገሩ። ልጅየዋ ባንክ ትሠራለች፣ አብራቸው ነው የምትኖረው። «እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ሸሚዜን ባስቀመጥኩበት ባገኘው ምን አለበት?» ብላ ስትማረር ነው ጓሮ ያለችው መኪና ትዝ ያለቻቸው።

ታናሽ ወንድማቸው መካኒክ ነው። አጭርና ደልዳላ ስለሆነ ጋራዥ ውስጥ በቡሎን ማጥበቂያው ስም «ዳዶ» ይሉታል። እሱም አይከፋውም፤ «ቡሎን ያለ ዳዶ ምን ዋጋ አለው?» እያለ ይኮራበታል። እህቱ ሲጠሩት መጣና ሸራውን ገልጦ አየ፤ ከንፈሩን መጠጠ፤ እጅጌውን ሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ጓሮው ጋራዥ ሆነ። ሞተሩ ወርዶ ታጠበ፣ ፍሬኑ ታደሰ፣ የበሰበሰው ወለል ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደለት። እማማም ቆመው አላዩም፤ ዝገት ፈገፈጉ፣ የወንበሩን ልብስ ራሳቸው ሰፉ። የቀረው መሪው ብቻ ነበር፤ ጠቡም የተነሣው እሱ ላይ ነው።

ዳዶ ከወዳደቁ መኪኖች ግቢ የመኪናዋን እኩያ አግኝቶ መሪዋን እንዳለ ፈትቶ አመጣ፤ ጥርሶቹ ያሉበትን ሣጥን፣ ዘንጎቹን፣ ዘንግና ጎማ የሚያገናኙትን ኳስ መሳይ መጋጠሚያዎች ጭምር።

«የራሷ ፋብሪካ ብረት ነው እትዬ። የድሮ ብረት ቃሉን ይጠብቃል።»

«ቃሉን ጠብቆማ አጥር ውስጥ ከተተኝ!» አሉ እማማ። እሳቸው የሚፈልጉት አዲስ ነው። ሄደውም ከመለዋወጫ ሱቅ በላስቲክ የታሸጉ፣ እንደተላጠ እንቁላል የሚያበሩ መጋጠሚያዎች ይዘው መጡ።

«ማብራቱማ ማንኪያም ያበራል» አለ ዳዶ።

ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ፈተሿቸው። የአሮጌው ሣጥን ውስጡ ሲከፈት ጥርሶቹ ደህና ነበሩ። መጋጠሚያዎቹ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ጥርስ ይመስል ተነቃነቁ። ዳዶ ወደ ጎን ገፋቸው። አዲሶቹን ለመፈተሽ ደግሞ የሚገቡበት ቀዳዳ ከእግራቸው ጋር እኩል መግጠሙን ማየት ያስፈልጋል።

«ቀለም የሚለቅ ነገር አምጪልኝ፤ የማይደርቅ» አላቸው።

እማማ ገብተው የልጃቸውን ከንፈር ቀለም ይዘው ወጡ። ዳዶ ሾጠጥ ያለውን የመጋጠሚያውን እግር ዙሪያውን ቀይ ቀባና ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ አዞረው። ሲያወጣው ቀዩ ቀዳዳው አፍ ላይ ብቻ ቀጭን ክብ ሆኖ ታተመ፤ ውስጡ ንጹሕ ነበር።

«አየሽ? አንገቱ ላይ ብቻ ነው የያዘው። ዳዶው ሲጠብቅ የገጠመ ይመስላል፤ መንገድ ላይ ግን ይላላል።»

እማማ ቀዳዳውን አጎንብሰው አዩት። «እንግዲህ የኔም አዲስ፣ ያንተም አሮጌ፣ ሁለቱም አልሆኑም ማለት ነው።»

«ሣጥኑ የኔ ነው፤ እሱ ይሆናል» አለ ዳዶ፣ ሙሉ በሙሉ ላለመረታት።

ወደ ሱቁ ሲሄዱ ባለሱቁ እቃውን ያለ ክርክር መልሶ ተቀበላቸው። «እማማ፣ ምን ያደክምዎታል? የዘመኑን መኪና መሪ እንግጠምልዎት፤ በሞተር ስለሚታገዝ በአንድ ጣት ያዞሩታል። ፊቷን ትንሽ መቁረጥ ብቻ ነው።»

«መቁረጥ?» አለ ዳዶ፣ እሱን የሚቆርጡት ይመስል። «እትዬ፣ ነይ እንሂድ!»

በማግስቱ ሣጥኑን አጽድቶ፣ ግራሶ ሞልቶ፣ ለሙከራ በአሮጌዎቹ መጋጠሚያዎች አሰረውና እህቱን እንዲሞክሩ ጠራቸው። እማማ ገብተው ተቀመጡ፤ መሪውን ጨበጡ። መኪናዋ ቆማ ስለነበር መሪው ከበደ። ስንቱን ሕፃን የተቀበሉ ጣቶች ናቸው፤ አሁን ግን አንጓቸው አብጧል። ግማሽ ዙር እንኳ ሳያደርሱት ከእጃቸው አፈተለከ። ድጋሚ ሞከሩ። ከዚያ እጃቸውን ሹራብ ኪሳቸው ውስጥ ከተው «ደህና ነው፤ ጥሩ ነው» አሉ። ዳዶም ያላየ መስሎ መፍቻ ሊፈልግ ሄደ።

ሌሊቱን ሁለቱም ሲያወጡ ሲያወርዱ አደሩ መሰለኝ። ጠዋት ዳዶ ገና በሩን እንዳለፈ «እትዬ፣ ባለሱቁ ያለው ነገር መጥፎ አይደለም። እንቁረጣት» አለ።

እማማ አፈጠጡበት። «እኔ ደግሞ አትቆረጥም ብዬ ወስኜ ነው ያደርኩት! አንተ ይህን ሁሉ ደክመህ? ባልነዳትም ቆማ አያታለሁ።»

«ቆማ ልታያት ነው ክረምት ሙሉ ጀርባዬን የሰበርኩት?»

«ታዲያ ሱቁ ጋ ለምን ጮህክ?»

«ያኔ እጅሽን አላየሁማ!»

ቁርስ ስትበላ የነበረችው ልጅየዋ በመስኮት ብቅ አለች። መኪናዋ ጨርሶ ባትነሣ ደስታዋ ነበር፤ «ታክሲ ሞልቷል» ስትል ነው የከረመችው። የእናቷን ፊት ስታይ ግን ያሰበችውን አልተናገረችም። «መሪውን ትልቅ ብታደርጉትስ?» አለች። «የጋሪ ጎማ ትልቅ ሲሆን ይቀላል አይደል?»

ዳዶ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ያው ፋብሪካ በዚሁ መሪ የሚሠራ የጭነት መኪና ነበረው፤ ክብ መሪው ትሪ የሚያህል። ዳቦ ሲያከፋፍል የኖረ አንድ እንዲህ ያለ መኪና ከዳቦ ቤቱ ኋላ ቆሞ እንደሚዝግ ያውቃል። ባለቤቱን አነጋግሮ ክቡን መሪ ፈትቶ ወሰደና ዘንጉ ላይ ሲያስገባው ልክክ አለ። መጋጠሚያዎቹን ደግሞ ባለሱቁ ከሌላ አምራች አስመጣላቸው። ከንፈር ቀለሙ እንደገና ወጣ። በዚህኛው ቀዩ ከላይ እስከ ታች፣ ዙሪያውን እኩል ታተመ። ዳዶ አሮጌዎቹን ፈትቶ አዲሶቹን አሰረ፤ ዳዶዎቹ እንዳይፈቱ የሚቆልፉትን ሽቦዎችም አስገብቶ አጠፋቸው።

«ከንፈር ቀለሜን ግን ማን ይተካልኛል?» አለች ልጅየዋ።

እማማ መጀመሪያ ጓሮው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አሏት። ዳዶ ከሥሯ ገብቶ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ፈተሸና በአውራ ጣቱ ምልክት ሰጠ። ቀጥሎ ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ ሄዱ። ትልቁ መሪ ዙሩ ቢበዛም ይታዘዝ ነበር፤ እማማ በጣታቸው ሳይሆን በመዳፋቸው እየገፉ አዞሩት። ከመታጠፊያው ሲወጡ ላላ ሲያደርጉት ራሱ ቀጥ ብሎ ተመለሰ። ይህን ከረሱት ቆይተዋል። የዳዶን ትከሻ በቡጢ መቱት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

አሁን በሳምንት ሁለቴ ወደ ጤና ጣቢያው ይሄዳሉ። ወጣቶቹ አዋላጆች ዳገት ላይ የሚኖሩትን አራሶች የሚጠይቁበት መኪና ስላልነበራቸው፣ እማማ ጭነዋቸው ይዞራሉ፤ እግረ መንገዳቸውንም ያስተምሯቸዋል። ዳዶ ጋር ደግሞ ሰው አሮጌ መኪና እየጎተተ መምጣት ጀምሯል። «ጡረታ ልወጣ ስል ሥራ ጀመርኩ» ይላል እያማረረ፤ ሲያማርር ግን ጥርሱ አይከደንም።

ባለፈው እሑድ ልጅየዋ የቤቱን በር ዘግታ ወጣችና ዳር ዳር ስትል ቆየች። ከዚያ እንደዋዛ «እማዬ፣ እኔም ልልመድ?» አለች።

እማማ ከሾፌሩ ወንበር ወርደው ዞረው በጎኑ በር ገቡ። ልጅየዋ ቁልፉን አዞረች፤ መኪናዋ አንዴ ዘለለችና ጠፋች። ሁለቱም ሳቁ። ልጅየዋ ጫማዋን አወለቀች፣ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበች፤ ዳግመኛ አስነሣች። በዚህኛው መኪናዋ በዝግታ ተንቀሳቅሳ በግቢው በር ወጣች።