የሮዌና ስድስት ዓመታት

ሮዌና ኢሎኢሎ ከተማ፣ ቤቷ ተቀምጣ የምትሠራው ሥራ በኢንተርኔት ስትፈልግ አምስት ወር ሆናት። የሥራ ልምዷን በሥራ ፈላጊዎች ድረ ገጽ ላይ የጻፈችላት የአክስቷ ልጅ ጆቪ ናት፤ ሮዌና እናቷን ያስታመመችባቸውን ስድስት ዓመታት «የቢሮ ጸሐፊ» ብላ ሞላቻቸው።

ዛሬ ጠዋት አውስትራሊያ ያለ የአንድ ክሊኒክ ኃላፊ በቪዲዮ እየጠየቀቻት ነው።

«እነዚህን ስድስት ዓመታት የት ነበር የሠሩት?»

ጆቪ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሆና «አንዱን ቢሮ ጥሪላት እንጂ!» ብላ አንሾካሾከች።

ሮዌና ወደ ካሜራው ቀና አለች። «የትም አልሠራሁም። እናቴን ሳስታምም ነበር፤ የተጻፈው ውሸት ነው።»

ጆቪ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«የእናትዎን መድኃኒትና የሐኪም ቀጠሮ የሚከታተለው ማን ነበር?» ስትል ኃላፊዋ ጠየቀች።

«እኔው ነበርኩ።»

«እንግዲያው ውሸቱን አሁኑኑ ያጥፉት። ከሰኞ ጀምሮ የበሽተኞቻችንን ቀጠሮ ይይዛሉ፤ የአንድ ወር ሙከራ ነው።»

ጥሪው ሲዘጋ ጆቪ «አንቺ እብድ፣ ልትገድይኝ ነበር!» አለቻት። ሮዌና ድረ ገጹን ከፍታ «የቢሮ ጸሐፊ» የሚለውን አጠፋች።