የእኔና የእሷ ጭራቆች

ቀኝ ክንዱ አረንጓዴ ነው። የቀረው ገላው ቀይ፣ ሆዱ ቅርፊት በቅርፊት፣ አፉ እስከ ጆሮ ግንዱ የተቀደደ፣ ከስንዝር ትንሽ የሚበልጥ የጎማ ጭራቅ፤ ቀኝ ክንዱ ብቻ አረንጓዴ። ባለፈው እሁድ እዚሁ ወልቂጤ፣ ወጣቶች የትርፍ ጊዜ ስብስባቸውን በሚያሳዩበት አዳራሽ ውስጥ፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ካልመጣሽ እንጣላለን» ብለው ነው የወሰዱኝ። አንዱ ቴምብር፣ አንዱ የድሮ ካሴት፣ አንዱ የድሮ ሳንቲም ደርድሯል። ጥግ ላይ ግን ሰው ሁሉ የተኮለኮለበት ጠረጴዛ ነበር፤ ጭራቅ በጭራቅ የሆነ። ባለቤቱ ጸጉሩን ያቆመ ወጣት ነው። ከጭራቆቹ ፊት «አይነካም» የሚል ወረቀት ለጥፏል።

ነካሁት። ነካሁት ብቻ አይደለም፣ አንስቼ ክንዱን አሸተትኩት። የተቃጠለ ኮንጎ ጫማ ሽታ ይሄን ሁሉ ዓመት ይቆያል ብልህ ታምነኛለህ? ይቆያል።

«ማዘር፣ አይነካም እኮ ይላል» አለኝ ወጣቱ።

«ማዘር የምትላት እቤትህ ትኑርህ! ይሄን ክንድ ማን የሠራው መሰለህ?» አልኩት። ተማሪዎቼ ደነገጡ። ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲህ ስጮህ ሰምተው አያውቁም። እስቲ አንተም ቁጭ በልና ስማኝ። ከመጀመሪያው ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ያደግኩት ቡታጅራ ነው። ጓደኛዬ የሰልባጅ ነጋዴ ልጅ ነበረች። አባቷ ከመስቃን ገጠር መጥተው ገበያው ዳር አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ የያዙ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። የልብስ ቦንዳ በሚፈታበት ቀን ከትምህርት ቤት በቀጥታ የምንሮጠው እዚያ ነው። የቦንዳው ማሰሪያ ሲቆረጥ ጧ! ይላል፤ ከዚያ የብል መድኃኒትና የሰው አገር ሳሙና ሽታ ሱቁን ይሞላዋል። ከቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን በአቧራው መሀል ቀጥ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እኛ ክምሩ ላይ ወጥተን እስከ ክርናችን እየገባን እንፈትሻለን።

የመጀመሪያውን ጭራቅ ያገኘችው እሷ ናት። ከልጆች ልብስ መሀል ሁለት ምላስ ያለው ሰማያዊ ነገር ጎትታ አወጣች። አባቷ ሲያዩት «አዑዙ ቢላህ! ይሄን ነገር ከፊቴ አንሺልኝ» አሉ። አነሳችውና ለእኔ ሰጠችኝ። «ያንቺ ነው፣ ያዢው» አለች። እስከዚያን ቀን እኮ እኔ ከሰው እጅ ስጦታ ተቀብዬ አላውቅም ነበር። ልብስ ይገዛልኛል፣ ደብተር ይገዛልኛል፤ ስጦታ የሚባል ግን እኛ ቤት አልነበረም። ዳስሼ ዳስሼ አልጠገብኩትም።

ከዚያ ወዲህ ከቦንዳ የወጣ ጭራቅ ሁሉ የሚገባው እኔ ቤት ሆነ፤ እሷ ቤት ቢሆን ታናናሾቿ ያኝኩታል። አልጋዬ ሥር በማዳበሪያ ውስጥ አስቀመጥናቸው። ሌሎቹ ሴቶች የአሻንጉሊት ጸጉር ያበጥራሉ፤ እኛ የጭራቅ ጥርስ እንቦርሻለን። ስም ያወጣንላቸው በመምህራናችን ነው። ሆዳሙ የሒሳቡ መምህር ሆነ፤ ዓይኗ የፈጠጠው የሙዚቃዋ መምህርት፤ ቀዩ ደግሞ ዩኒት ሊደሩ። ዩኒት ሊደራችን ያረፈደን ተማሪ በር ላይ ቆሞ በጎማ የሚቀበል ሰው ነበርና ስሙ ልክክ አለ።

ችግሩ ቀዩ ሲመጣ ቀኝ ክንድ አልነበረውም። «እንዴ! ሳይገርፍ ምን ዩኒት ሊደር ይባላል?» አለች ጓደኛዬ። የተበጠሰ አረንጓዴ ኮንጎ ጫማዋን አመጣች። እኛ ግቢ ከሰል አቀጣጥለን፣ የእናቴን ቢላዋ አግለን፣ ጫማውን እያቀለጥን ክንድ ሠራንለት። ሽታው ጎረቤቱን ሁሉ አስነጠሰ። እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ «ያ ቢላዋ ከዚያ ወዲያ ሽንኩርት እንኳ ቆርጦልኝ አያውቅም» ትላለች። ጓደኛዬ ትኩሱን ፕላስቲክ ትከሻው ላይ ስትጫነው ጣቷን ተቃጠለች፤ ግን እስኪጣበቅ አልለቀቀችውም። «ያዘ! ያዘ!» እያለች ትዘልል ነበር፣ ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ።

በዚያው ዓመት የከተማው ወጣት ማዕከል ለመስቀል ሰሞን ትርዒት ያዘጋጃል ተባለ። ሁሉም ያለውን ይዞ ይመጣል፣ ያሳያል። የመስቀል ሰሞን ቡታጅራን ካላየህ አትፈርድም፤ ከአዲስ አበባ የሚገባው ሰው በጥያ፣ በቡኢ በኩል አውቶቡሱን እያስጮኸ ይመጣና ከተማው ይጠበዋል። ያ ሁሉ ሰው የእኛን ጭራቆች ሊያይ ነው! ተመዘገብን፤ ስማችን አንድ መስመር ላይ ተጻፈ። እንዴት እንደምንደረድራቸው ክረምቱን ሙሉ ስንማከር ከረምን። በመጨረሻ የባንዲራ ሰልፍ እናድርገው አልን፤ ትንንሾቹ በተርታ ቆመው፣ ዩኒት ሊደሩ ፊት ለፊት ክንዱን አንስቶ። እንዲያው ሳስበው አሁንም ያስቀኛል። ከዚያ ደግሞ ያቃጥለኛል።

ምክንያቱም ወንድም ነበረኝ። ታላቄ ነው። ያን ክረምት ከወጣቶች የጸሎት ጉባኤ የጋለ ምጣድ ሆኖ ተመለሰ። ቤት ውስጥ ያየው ነገር ሁሉ ኃጢአት ሆነበት። አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር፤ ወንድሜም ሄዶ «አባዬ፣ አልጋ ሥር ጣዖት ተቀምጦ እኛ እንጸልያለን» አለው። አባቴ ጎንበስ ብሎ ከረጢቱን አውጥቶ ፈታው። ሆዳሙን አንስቶ አገላበጠ፣ አስቀመጠ። እኔን ግን አንድም ቃል አልጠየቀኝም። «ለበዓል ዘመድ ሳይገባ ይሄን ነገር ከቤቴ አውጥታችሁ አቃጥሉልኝ» ብሎ ወጣ።

እኔን ኮባ ግዢ ብለው ገበያ ላኩኝ። ስመለስ አልጋዬ ሥር ባዶ ነው። ወንድሜ ግቢው መሀል እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። «አቃጠልኩት» አለ። በዓል ሲደርስ ቆሻሻ የማያቃጥል ግቢ የለምና ከጓሮ ጭስ ይወጣል። ሮጬ አመዱን በእንጨት በታተንኩት። ጥርስ የለ፣ ቀንድ የለ፣ ምንም የለ። «ጎማ አይደል፣ ቀልጧል» አለኝ ከኋላዬ። ያዝኩት። እውነቴን ነው የምልህ፣ እጁን ነክሼ ይዤ በሰው ኃይል ነው ያስለቀቁኝ። ጠባሳው አሁንም አለ፤ ደግ አደረግኩ!

ትምህርት ቤት በዚያው ሳምንት ተከፈተ። ለጓደኛዬ እንዴት እንደምነግራት ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አድሬ ሄድኩ። ክፍል ስገባ ግን እሷ ከሌላ ልጅ ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነበርን እኮ! በእረፍት ሰዓት ተከትያት «ስሚኝማ» አልኳት። «በቃ፣ ገብቶኛል» አለችኝ። ሻሿን አጠባበቀችና ሄደች። እኔም ወሬው ጆሮዋ ደርሷል ብዬ አሰብኩ፤ የሰጠችኝን ጣዖት ነው ብለው አቃጠሉት፣ መናቅ ነው፣ ብትቀየም እውነቷን ነው አልኩ። ሌላ ምን ላስብ?

እንግዲህ የበዓሉ ዋዜማ መጣ። እኛ ዘንድ ተኮራርፎ መስቀል አይበላም። ማንም ይሁን ማን፣ የተጣላ ሁሉ ከእርዱ በፊት መታረቅ አለበት። ሽማግሎች ሳሎናችን ውስጥ ተቀመጡ፤ እኔና ወንድሜን መሀል አቆሙን። አንዱ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ልጄ» አሉኝ። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ «በማቃጠሌ ይቅር በይኝ» አለ። «በይ እንጂ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በይ» አሉኝ። አባቴ አየኝ። እናቴ ከጓዳ በር ሆና በዓይኗ ለመነችኝ። ጥርሴን ነክሼ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። እሰይ፣ እልል ተባለ።

«ጓደኛዬስ?» አልኩ ያኔ። «እሷም ተቀይማኛለች። እሷንም አስታርቁኝ።»

ሳቁ! «የልጆች ነገር ነው፣ ራሱ ይበርዳል» አሉ። እስቲ ንገረኝ፣ ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስማሙ ሽማግሎች፣ ከእኛ በር እስከ ሰልባጅ ሱቁ ያለችውን መንገድ መሄድ ከበዳቸው? ከበዳቸው። ሁለት ሴት ልጆች ስለተጣሉ የማን ቤት ይፈርሳል ብለው ነዋ! የእኔ ግን ፈርሷል። የዚያን ዓመት ክትፎ ሳልጨርስ ተነሳሁ። የትርዒቱም ቀን ከቤት አልወጣሁም።

አልበረደም። ሳንነጋገር፣ ከሩቅ ስንተያይ ዓመት አለፈ፣ ክፍል ተቀየረ። በኋላ ዓረብ አገር ሄደች ሲባል ከሰው ሰማሁ። አልተሰናበተችኝም።

አሁን ወደ እሁዱ ልመልስህ። ወጣቱ ስጮህበት መጀመሪያ ፈራ፤ ክንዱ ከምን እንደተሠራ ስነግረው ግን ዓይኑ በራ። «ኮንጎ ጫማ ነው እንዴ? እኛ ስንት ተከራክረንበታል!» አለ። ጭራቆቹን ከነማዳበሪያው የገዛው ከቡታጅራ አለፍ ብሎ፣ እንሴኖ ነው። የሸጠለት ሰው አባቱ ሰልባጅ ነጋዴ ነበሩ፣ ሞተው ዕቃቸው ሲጸዳ ከመጋዘን የወጣ ነው።

«የእህቱ ነበር አሉ» አለኝ። «ድሮ ለጓደኛዋ ሰጥታት፣ ጓደኛዋ ሸይጣን ነው ብላ መለሰችባት። ልጅቷ ስታለቅስ ከርማ 'እንዳትሸጡት' አለች አሉ። አባትየው እስኪሞቱ ማንም አልነካውም።»

«ማን ነው የመለሰው?» አልኩ። «ማን?»

«ጓደኛዋ ናት አሉ።»

ስልኬን አወጣሁና ወንድሜ ጋ ደወልኩ። አሁን ቡታጅራ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው፣ የልጆች አባት ነው። ሁልጊዜ ወንድምዬ ነው የምለው። ያን ቀን ግን «አንተ ሰውዬ፣ ጭራቆቹን ምን አደረግካቸው?» አልኩት።

መጀመሪያ ምን እንደማወራ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ። «ኧረ አንቺ ልጅ! እስካሁን? የሰው ንብረት እንዴት ላቃጥል? ወስጄ ለአባቷ መለስኩላቸው።»

«ምን ብለህ?»

«እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይገባም፣ እህቴም አትፈልገውም አልኳ።»

«አልፈልግም ብዬሃለሁ?»

«እንዳትሄጂ፣ መልሰሽ እንዳታመጪው ብዬ ነው። ለአባዬም አቃጥያለሁ አልኩት፣ እሱም ደስ አለው። ምን ክፋት አለው? ደግሞ እሱ ያለቀ ነገር ነው። በሽማግሌ ፊት ይቅር ብለሽኛል።»

«ይቅር ያልኩህ ለእሳቱ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። «እሳት ደግሞ አልነበረም! ለዋሸኸው ማን ይቅር አለህ? አፌን ተውሰህ ጓደኛዬን ለሰደብካት ማን ይቅር አለህ?»

ቀስ ብሎ «እሷ ትቀየማለች ብዬ አላሰብኩም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስለ እሷ ከነጭራሹ አላሰበም። ማንም አላሰበም። ዘጋሁበት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የእኛን ጉዳይ የባሰ የሚያደርገው ግን እኔም እሷም ማን እንደወጋን አለማወቃችን ነው።

ወጣቱ የሻጩን ቁጥር ሰጠኝ። ስደውል ታናሽ ወንድሟ አነሳ፤ ያኔ ጭራቅ ያኝክ የነበረው ነው። ማን መሆኔን ስነግረው የእህቱን ቁጥር ሰጠኝ። ጅዳ ናት። እቤት ልሂድና ተረጋግቼ ልደውል አላልኩም። እዚያው፣ ጠረጴዛው አጠገብ፣ ተማሪዎቼ ከበውኝ ደወልኩ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች። ድምጿ ወፍሯል። ግን እሷ ናት።

ስሜን ነገርኳት። ከኋላዋ የልጆች ጫጫታና የሳህን ድምፅ አለ። እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ስንት ዓመቱ፣ ምንም የለም።

«ለምን መለስሽብኝ?» አለች።

ሴትዮዋ ልክ ትናንት ማታ የሆነ ነገር ይመስል ተቆጥታለች። እኔ ደግሞ ምን ነካኝ መሰለህ፣ በዚያ ቁጣዋ ውስጥ ደስ አለኝ። አልረሳችኝማ!

«አልመለስኩም!» አልኩ። «ወንድሜ ነው። አቃጠልኩት ብሎኝ፣ አመዱን ስፈልግ ነበር፣ ዛሬ ነው ያወቅኩት፣ አሁን፣ አሁን በዚህ ሰዓት!»

«ወላሂ በይ።»

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። መምህርት ነኝ፤ ተማሪዎቼ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል፤ ያ ወጣትም ጭራቁን ከእጄ መቀበል ፈርቶ ቆሟል።

«ወላሂ!» አልኩ፣ እየጮህኩ።

ማልቀሷን የሰማሁት ያኔ ነው።