በአህያ ደልዳል የመጣ ደብዳቤ

የጃንሆይን ማኅተም ያወቅሁት በመርፌ ነው። ከመንዝ ወጥቼ አዲስ አበባ በአንዲት ትልቅ ወይዘሮ ቤት በጥልፍ ሥራ እኖር ነበር። የዘውዱ በዓል ሲቃረብ ወይዘሮዋ ከቤተ መንግሥት የመጣላቸውን ባለ ማኅተም ደብዳቤ ጭኔ ላይ አስቀመጡና፣ «ይህን አንበሳ በወርቅ ክር ከፋዩ ጨርቅ ላይ አውጪልኝ» አሉኝ። ብዙ ሳምንት ከዚያ አንበሳ ጋር ተቀመጥኩ። ጋማው እንዴት እንደሚወርድ፣ የያዘው መስቀል ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ጭራው ጫፉ ላይ እንዴት እንደሚታጠፍ ዓይኔን ጨፍኜ መናገር እችል ነበር። በዘውዱ ቀን ንጉሡን ከሩቅ አየኋቸው፤ በሠረገላው ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው አይነበብም። ባሌ አጠገቤ ቆሞ ነበር። የወይዘሮዋ ቤት ዘበኛ ነው፤ የአገሬ ልጅ።

ጦርነቱ ሲመጣ ባሌ ወደ ሰሜን ዘመተ። ከማይጨው የተመለሱትን ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ ሞቷል አለኝ። አንዱ ቆስሎ አየሁት አለ። ሌላው ዓይኔን ሳያይ «ይመጣል» አለኝና ሄደ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ደግሞ ንጉሡ በባቡር ወጡ ተባለ። ወይዘሮዋ አላመኑም፤ ሄደሽ አይተሽ ነይ ብለው ለገሃር ላኩኝ። ስደርስ ባቡር የለም። ብዙ ሰው ግን ቆሟል፤ ሐዲዱን እያየ፣ ሳይነጋገር። አንድ ሽማግሌ ወታደር፣ «ሂጂ፣ ወደ ቤትሽ ግቢ» አለኝ።

ተመልሼ ስገባ ወይዘሮዋ፣ «በዓይንሽ አየሽ?» አሉኝ።

«ባቡሩን አላየሁም እመቤቴ። የቀረውን ሰው ነው ያየሁት።»

ከዚያ በኋላ ከተማው ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። እኔም ከሰው ጋር ተቀላቅዬ በእግሬ ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ባሌን ዝመት ያሉት ሰው እሱ ሳይመለስ ሄዱ። ለምን እንደሄዱ የሚነግረኝ አላጣሁም፤ አንዱ ለአቤቱታ ነው ይላል፣ አንዱ ለሕይወታቸው ሰግተው ነው ይላል። አንዱንም አላመንኩ።

የአባቴ ቤት ከጓሳው ሣር ምድር ጥግ ነው። ጣሊያን ሞላሌ ላይ ሰፍሮ ነበር፤ አርበኞቹ ደግሞ ከጓሳው ባሻገር ባለው ገደላ ገደል ነበሩ። አባቴ የአገር ሽማግሌ ናቸው። ለአርበኞቹ ስንቅ ይልካሉ፣ ወሬ ያቀብላሉ። ያን ጊዜ የማይጠረጠር ሰው አልነበረም። ከገበያ የፉርኖ ዱቄት ይዞ የገባ ይጠረጠራል፤ በጉ ቶሎ የተሸጠለት ይጠረጠራል፤ አዲስ ኩታ የለበሰ፣ እሱማ አለቀለት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት አባቴ ከጸሎት እኩል ነበር የሚደግሙት። እኔንም ጎረቤቶቹ በዚያው ዓይን ያዩኝ ነበር። ከከተማ መጥቻለሁ፣ ፊደል አውቃለሁ፣ ባሌ ሞቷል ብዬም ተዝካር አላወጣሁም። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ይቀይራሉ።

ጣሊያን በገባ በአምስተኛው ዓመት፣ በጥቅምት፣ አንድ በርበሬ ነጋዴ ከመርሐቤቴ በኩል መጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር። አባቴን እጅ ነስቶ፣ አህያው ደክሟልና ልደር አለ። አባቴ የየት አገር ሰው እንደሆነ፣ የትኛውን ወንዝ እንደተሻገረ፣ ዓለም ከተማ ላይ ማን ቤት እንዳደረ አንድ በአንድ ጠየቁት። ሁሉንም ሳይደናገር መለሰ። አባቴ ሲገቡ በጆሮዬ፣ «መልሱ እንደ ዳዊት ተጠንቷል» አሉኝ።

እኔ ከደጅ ተቀምጬ ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር እፈትል ነበር። ሰውየው ጭነቱን አራግፎ ደልዳሉን ፀሐይ ላይ አሰጣው። ደልዳል ማለት ጭነት የአህያውን ጀርባ እንዳይልጠው የሚደረገው ድርብ ምንጣፍ ነው። ዙሪያውን ሁሉ እንደማንኛውም ነጋዴ ደልዳል በጠፍር የተጠገነ ነው። በአንደኛው ጎኑ ግን ቀጭን የጥጥ ክር አየሁ፤ ስፌቱ ደቃቅ፣ እኩል እኩል ነው። በርበሬ ነጋዴ እንዲህ አይሰፋም። ተነሥቼ ለአባቴ ነገርኳቸው።

አባቴ ቄሱንና ሁለት ጎረቤቶችን አስጠሩ። ሰውየውን ያዙት፤ ደልዳሉን በጩቤ ሲተረትሩት በሰም ጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት ወጣ። ሰውየው አልታገለም።

«የጃንሆይ ደብዳቤ ነው» አለ። «ለመንዝ አርበኞች አለቃ እንዳደርስ ነው የታዘዝኩት። ጃንሆይ ሱዳን ገብተዋል።»

ቄሱ ደብዳቤውን በቀስታ አነበቡ። ቀርቤያለሁ፣ ጽኑ፣ አንድ ሁኑ የሚል ነበር። አባቴ ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ጣሊያንም አማርኛ የሚጽፍለት አላጣም» አሉ። እውነታቸውን ነው። የዚያ ዓይነት ወረቀት ተልኮላቸው፣ ንጉሣችን ተመለሱ ብለው ከዋሻ ወጥተው የተያዙ ሰዎች ነበሩ ይባላል።

ከዚያ ወረቀቱን ለእኔ ዘረጉልኝ። «አንቺ ማኅተሙን ታውቂዋለሽ። እሱ ነው?»

አየሁት። ጋማው፣ መስቀሉ፣ የጭራው እጥፋት። እሱ ራሱ ነበር፤ ለመጠራጠር ትንሽም ቀዳዳ አልነበረውም። የለገሃር ሐዲድና የቆመው ሰው ትዝ አለኝ። ይህን ወረቀት ካመኑ የመንደራችን ወንዶች ነገ ይነሣሉ፤ እንደገና ሚስቶች ከተመላሽ ወታደር ወሬ ይለምናሉ። ጽኑ የሚሉት ሰው ደግሞ ሲከፋ ባቡር አያጡም፣ አልኩ በልቤ።

«አይደለም» አልኩ።

«አይደለም?»

«አንበሳው ሌላ ነው።»

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። አባቴ እጁን የፊጥኝ አሳስረው በረት ውስጥ አስቀመጡት፤ ጠዋት ወደ አርበኞቹ አለቃ ይወሰዳል ተባለ። የጣሊያን ሰላይ ወደዚያ ከተወሰደ በኋላ እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን። ያን ጊዜ ነው ቃሌ ምን እንዳደረገ የገባኝ። ወረቀቱን እንጂ ሰውየውን አላሰብኩትም ነበር።

በሶ በጥብጬ ወሰድኩለት። እጁ ታስሯልና ዋንጫውን እኔ ያዝኩለት። ጠጥቶ ሲጨርስ፣ «በዓይንህ አይተሃቸዋል?» አልኩት።

«አይቻቸዋለሁ። ከስተዋል። ካኪ ነው የሚለብሱት።»

«ለምን ሄዱ?»

«እኔም ሰዎቻቸውን ጠይቄያለሁ። ለአቤቱታ ነው አሉኝ። የዓለም መንግሥታት በተሰበሰቡበት ሸንጎ ሊናገሩ ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ረበሹ አሉ። እነዚያን አስወጥተው ሸንጎው ጸጥ እስኪል ድረስ ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያ ተናገሩ።»

«በፈረንጅ አፍ?»

«በአማርኛ።»

ይህ እውነት ይሁን አይሁን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ሰላይም ቢሆን ጥሩ ወሬ ይዞ ይመጣል። ስነሣ ግን፣ «እህቴ፣ ፍቺኝ አልልሽም። ወረቀቱን ብቻ እንዳያቃጥሉት ንገሪልኝ፤ በሌላ ሰው እጅ ይደርሳል» አለኝ። ሰላይ ስለ ነፍሱ ይለምናል እንጂ ስለ ወረቀት አይለምንም ብዬ አሰብኩ።

በቀጥታ ወደ አባቴ ሄድኩ። ካቡ ላይ ተቀምጠው በጎቹ ሲገቡ ያያሉ።

«አባዬ፣ ማኅተሙ የንጉሡ ነው።»

ወደ እኔ አልዞሩም። «ቅድም አይደለም አልሽ።»

«ዋሽቼ ነው።»

«ምን አግኝተሽ?»

«ንጉሡን ስለማላምን።»

«አሁን አመንሻቸው?»

«አላመንኩም። ሰውየው ግን እውነቱን ነው።»

ያን ጊዜ ዞሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ዓይናቸው አልነበረም፤ ሞላሌ ገበያ ላይ የማያውቁትን ሰው የሚያዩበት ዓይን ነበር። «በረት ውስጥ ብዙ ቆየሽ» አሉ። «ምን ሰጠሽ?»

«ምንም አልሰጠኝም፣ አባዬ።»

«እንግዲህ የትኛዋን ልመን? የቅድሟን ወይስ የአሁኗን?»

አባቴ እስኪጨልም ካቡ ላይ ቆዩ። ጠዋት ሰውየው ወደ አለቃው አልተወሰደም፤ አልተፈታምም። በእግር ብረት ቄሱ ቤት እንዲቀመጥ አደረጉ፤ ወረቀቱንም ቄሱ ያዙት። እኔ ወደዚያ ቤት እንዳልሄድ ተከለከልኩ። ያላመኑት ሰውየውን ይሁን እኔን አልነገሩኝም። ወሬው ግን ወጣ። ምንጭ ላይ ሴቶቹ ወሬ መቀየሩንም ተዉት፤ ስደርስ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዱ ነበር።

ውርጩ አልፎ ገብሱ ታጭዶ ተወቃ። ገና ካለፈ በኋላ ከዓባይ ማዶ የመጣ አንድ ሰው፣ የእንግሊዝ አውሮፕላን የበተነውን የንጉሡን አዋጅ ወረቀት በመጠምጠሚያው ደብቆ አመጣ። አባቴ ወረቀቱን ይዘው ወደ ቄሱ ቤት ሄዱ። እኔን አልጠሩኝም። ሁለቱን ማኅተም ጎን ለጎን አድርገው ያዩት ቄሱ ናቸው፤ አንድ ነው አሉ። በዚያው ቀን የሰውየው እግር ብረት ተፈታ፤ ደብዳቤውም ተመለሰለት።

ሊሄድ አህያውን ሲጭን ቁርጭምጭሚቱ ቆስሎ፣ አብጦ አየሁት። ሰው ሁሉ እያየኝ ቀረብኩ።

«ክሩን ያየሽው አንቺ ነሽ አሉኝ» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ማኅተሙንስ አውቀሽው ነበር?»

«አውቄው ነበር።»

ጠፍሩን አጥብቆ ጨረሰ። «ከሰኔ ጀምሮ ተጉዤ እዚህ ደርሼ ሦስት ወር ታሰርኩ» አለ በመጨረሻ። «በዚህ ሦስት ወር ማን ደብዳቤውን ሲጠብቅ እንደቆየ አላውቅም። አንቺም አታውቂም።» ይቅርታ ጠይቂ አላለኝም፤ ይቅር ብዬሻለሁም አላለኝም። እያነከሰ አህያውን ነድቶ ሄደ። ደርሶ እንደሆነ ኋላ ጠይቄ ነበር፤ ደርሷል አሉ። ደብዳቤው ግን ከተላከለት አለቃ እጅ አልገባም፤ አለቃው በኅዳር ተገድሎ፣ ጣሊያን እንዳይሰማ ሞቱ ተደብቆ ነበር። ደብዳቤው በጥቅምት ቢደርሰው ይተርፍ ነበር ወይ? ይህን የሚያውቅ የለም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ስጠይቅ እኖራለሁ።

በሚያዝያ መጨረሻ ንጉሡ አዲስ አበባ ገቡ። አባቴ ከአርበኞቹ ጋር ወርደው ነበር። ሲመለሱ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ፤ እልል ያለም ነበር። እኔ ሰው ሲበተን ጠብቄ፣ «አዩዋቸው?» አልኩ።

«አየኋቸው።»

«እንዴት ናቸው?»

አባቴ በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቆሙ። «እሳቸውን ብዙም አላየሁም። ዙሪያቸውን የቆሙትን ነው ያየሁ። ሞላሌ ላይ ከጣሊያን ጋር ሲበላ የነበረ አንዱ እኔን ገፍቶኝ ወደ ፊት ቆመ» አሉ። ስለዚያ ቀን ከዚህ ሌላ ነገር ሲናገሩ አልሰማሁም። ንጉሡ ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን ገዙ። አባቴ አዋጅ በተነበበ ቁጥር፣ «ሌላ ሰው ደግሞ ያንብበው» ይሉ ነበር።

ባሌ አልመጣም። እኔም ሌላ ባል አላገባሁም፤ ከአባቴ ጋር ቀረሁ። ከዚያ ጥቅምት በኋላ አባቴ አልተቆጡኝም፣ ከቤታቸውም አላስወጡኝም። ነገር ግን በግ ጠፋ ብላቸው ራሳቸው ሄደው ይቆጥራሉ። ዝናብ ሊመጣ ነው ብላቸው ብድግ ብለው ደጅ ወጥተው ሰማዩን ያያሉ። በክፋት አልነበረም፤ ለምዶባቸው ቀረ።

አርጅተው ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ታመው ተኙ፤ ቄስ ጥሪልኝ አሉኝ። ሮጬ ሄጄ ይዤ መጣሁ። «አባዬ፣ ቄሱ መጥተዋል» አልኳቸው።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ በሩ መልሰው፣ «ድምፃቸውን ያሰሙኝ» አሉ።

ቄሱ ከበሩ ላይ ቆመው፣ «እንደምን ዋሉ፣ እኔ ነኝ» አሏቸው።