ቃለ ተውኔት ሳጠና የሰሙኝ ጎረቤቶች

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ እዚሁ ሐዋሳ ነው። ለሌላ ሰው ስነግረው ይስቃል። እኔ ግን ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ዘሪቱ የምትባል የአማተር ቲያትር አዘጋጅ ወዳጅ አለችኝ። አንድ ተዋናይ ጎድሎባት ሚስቱን የሚያሰቃይ ባል ሆኜ እንድጫወት ለመነችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳነብና ስጽፍ የኖርኩ ሰው ቃለ ተውኔት መያዝ ምን ያቅተኛል ብዬ ገባሁበት። እንደ ተማሪ ቁጭ ብዬ ሸመደድኩ። በመጀመሪያው ልምምድ ግን አፌን ስከፍት ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ።

ዘሪቱ ሳቀችብኝ። ተዋናይ በዓይኑ አያጠናም አለች። ቆመህ፣ ጮክ ብለህ፣ እያንዳንዱን ንግግር ከአንድ እንቅስቃሴ ጋር አያይዘው፤ ከአንተ በፊት የሚናገረውን ሰው የመጨረሻ ቃል ጠብቅ፣ የአንተን እሱ ይጎትትልሃል አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለው ቤታችን፣ ከሥራ መልስ፣ ባለቤቴ ዓለም የሚስትየዋን ቃል ታነባለች፤ እኔ ወንበር እየገፋሁ እጮሃለሁ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እምቢ አለኝ። እሷ «ኧረ የሰው ያለህ!» ስትል፣ በሩን በኃይል ዘግቼ «ዛሬ ከዚህ ቤት በእግርሽ አትወጪም» ማለት ነበረብኝ። ይጠፋብኛል። ስለዚህ ደጋግማ ትጮሃለች፣ ደጋግሜ በሩን አላትማለሁ። «በዚህ ድምፅህ እንኳን ሚስት ዶሮም አትደነግጥ» እያለች ታበሽቀኛለች። ሳምንታት እንዲህ ሄዱ።

ትርኢቱን መሃል ከተማ በሚገኝ አዳራሽ አሳየን። በአንድ ግድግዳ የምንዋሰነውን ጎረቤታችንን አቶ ማቴዎስንም ጋብዘን ነበር። በሰፈሩ የተከበሩ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ሲያልቅ በር ላይ አቀፉኝ።

«ለካስ ቲያትር ኖሯል» አሉ እየሳቁ። «እኛ እኮ የእውነት መስሎን፣ በቤት ለቤት ጸሎታችን ስለ እናንተ ስንማልድ ከረምን።»

ታዲያ በሩን ለምን አላንኳኩም ብዬ ጠየቅኋቸው። ፈገግታቸው አልጠፋም።

«በባልና ሚስት መሃል ምን ብዬ ልግባ፣ ወንድሜ?»

መድረክ ላይ ስፈልገው ያጣሁት ንዴት ያኔ መጣ። ዕድሜያቸውን አክብሬ ተሰናበትኳቸው እንጂ ብዙ የምለው ነበረኝ። እኚህ ሰው የሴት የድረሱልኝ ጩኸት ሰምተዋል። አምነውታል። ከዚያም የብረት በራችንን እንዲያንኳኳ እግዚአብሔርን ልከው እራታቸውን በልተዋል። ጠዋት ደግሞ ሚስቱን ሊገድል ነው ብለው ያሰቡትን ሰው በፈገግታ «እንዴት አደርክ» ብለውታል። ብቻቸውንም አልነበሩም፤ መንደሩ ሁሉ ሰምቶ ኖሯል።

በባጃጅ ስንመለስ፣ ቤታችን ልንደርስ ስንል ዓለም እንዲህ አለች፦ «መብራት ሲጠፋ እኮ ‹የእናንተስ ጠፍቷል?› ብለው ያንኳኳሉ።»

ዛሬ ያን ሁሉ ቃለ ተውኔት ረስቼዋለሁ። የአቶ ማቴዎስን ቃል ግን ሳላጠናው፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል ይዤዋለሁ። ከግድግዳ ጀርባ ጩኸት ስሰማ ሄጄ አንኳኳለሁ። ብዙ ጊዜ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ይገኛል፤ ይስቁብኛል።

ይሳቁ።