ይኸነው ያለቀሰለት ፈረስ

የምሥራች። ተቀበሉት። አንዴ መልሰው፣ ሁለቴ መልሰው፣ ሰውየውን ከሰውነት ተራ ካወጡት በኋላ ዛሬ ጠዋት ተቀበሉት። ሦስት ሰው ፈርሞበታል። የፊርማውን ፎቶ ስልኬ ላይ አስቀምጬ አንዴ ሳሳንሰው አንዴ ሳሳድገው ነው የዋልኩት።

የማን እንደሆነ ሳልናገር ወደፊት ሄድኩ። የይኸነው ደጉ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። እዚህ አዊ፣ ቆሰበር ከተማ አሥራ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረው ይኸነው። እኔ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ስላለኝ የፈተና ወረቀቶቹን የማባዛለት እኔ ነበርኩ፤ የተዋወቅነውም በዚያው ነው። ባለፈው ወር የጻፍኳት ነገር በከተማችን ቤተ መጻሕፍት ከተነበበች ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል፤ ስለዚህ የእሱንም ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ እኔው ልጻፈው።

ይኸነው አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ሁለተኛ ዲግሪውን ሊማር ሕንድ አገር፣ ቪዛግ ወደሚሏት የወደብ ከተማ ሲሄድ፣ ሻንጣው ውስጥ ከአባቱ ማሳ የተቆፈረ አፈር በሦስት ፌስታል ቋጥሮ ነበር። የእኛ አገር አፈር አሲድ እየበዛበት ገብሱ እየቀጨጨ ነውና እሱን ሊመረምር። ሸሚዙን ቀንሶ አፈሩን ጨመረ።

አባቱ አያ ደጉ ጥርባ አካባቢ ነው የሚኖሩት። እሳቸው ቤት ኔትወርክ አይገባም። ስለዚህ ይኸነው ድምፁን ቀድቶ በቴሌግራም ለእኔ ይልካል፤ አያ ደጉ በገበያ ቀን ዳማ ፈረሳቸውን ጭነው ይመጡና ከሱቄ ፊት ካለው ምሰሶ አስረው፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ይሰማሉ። አንድ ቀን አንዱ ባለ ባጃጅ፣

«አያ፣ ይቺ እኮ የባጃጅ ማቆሚያ ናት» አላቸው።

«ያንተ ባጃጅ ሣር ይበላል?»

«አይበላም።»

«እንግዲያ የትም ቢቆም ምን ቸገረው» አሉት።

የመጀመሪያው ዓመት መልእክቶች ሁሉ ድካም ነበሩ። «ሙቀቱ ማታም አይተኛም» ይላል። «አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ተማሪዎቼን ያክላሉ። አጎቴ እያሉ ወንበር ይለቁልኛል። ደግነታቸው ነው፣ ግን ወንበር በተለቀቀልኝ ቁጥር አንድ ዓመት እጨምራለሁ።» ምግቡ ጠዋት ሩዝ፣ ቀን ሩዝ፣ ማታ ሩዝ ነው። ላዩ ላይ የሚደፉት ወጥ ይኮመጥጣል፣ ያቃጥላል። በሙዝና በዳቦ ከርሞ ቀበቶው ላይ ሁለት ቀዳዳ አስበሳ።

«ባሕሩስ?» አልኩት አንዴ። በዕድሜዬ ባሕር አላየሁም፣ ቢያንስ ይንገረኝ ብዬ።

«ከመኝታዬ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው አሉ። ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አልሄድኩም። ከቤተ ሙከራ ስወጣ እግሬ አልጋዬን ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ከዚያ ያ ክፉ ሳምንት መጣ። አማካሪው ዓመት ሙሉ የለፋበትን ጽሑፍ ለሁለተኛ ጊዜ መለሰለት። እንደ አዲስ ይጀመር አለው። ይኸነው ወረቀቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ሁለት ቀን ተኛ።

የሚቀጥለውን ስሕተት የሠራሁት እኔ ነኝ። የሚልከውን ሁልጊዜ ቀድሜ እሰማና ለአያ ደጉ የሚሆነውን ብቻ ነበር የማሰማቸው። ያን የገበያ ቀን ግን ሱቁ በሰው ተሞልቶ፣ ማሽኑ ወረቀት ነክሶ ይዞብኝ፣ ሳልሰማ ከፍቼ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩት። እንዲህ ይል ነበር፤

«ዛሬ ባሕሩ ጋ ሄድኩ። ልይ ብዬ ሳይሆን፣ የት ልሂድ ብዬ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ያገር ሽታ አለው ብዬ የያዝኩትን ነጠላ ለብሼ ሳለሁ፣ አንድ ነጭ ፈረስ በልጓም እየተሳበ መጣ። አሽሞንሙነውታል፤ ቀይ ጨርቅ፣ ቃጭል፣ መስተዋት፣ ጋማው ላይ አበባ። ላዩ ላይ ግን ሰው የለም።»

አያ ደጉ ከበርጩማው ብድግ አሉ። «አቁሚው። አቁሚው እስቲ፤ ማን ሞተ?»

እኛ አገር ትልቅ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣ በሰው እጅ እየተሳበ ለቅሶው መሐል ይዞራል። ያንን ያየ የአዊ ሰው አይቀመጥም።

«ማንም አልሞተም አያ፣ ይስሙት» አልኳቸው፤ እኔም ገና አላወቅኩም እኮ።

«እኔም ተነሣሁ» ይላል ይኸነው። «ነጠላዬን እንደ ሐዘን አጣፋሁ። ሟቹ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ዓመት ሙሉ ለማንም አላለቀስኩም፤ እንባዬ መጣ። አንገቴን ደፍቼ ከኋላው ተከተልኩት። ረጅም መንገድ ሄድን። ሰዉ ያየኛል። በመጨረሻ ሳቢው ዞሮ፣ ‹አጎቴ፣ ልትጋልብ ነው ወይስ ልታለቅስ?› አለኝ። ለካስ ልጆችን በየተራ እያስቀመጠ የሚያዞር የመዝናኛ ፈረስ ነው።»

ሱቁ ውስጥ ወረቀት የያዘ ሁሉ ሳቀ። አያ ደጉ አልሳቁም።

«አፍሬ ልመለስ ስል ግን ፈረሱ ጀርባውን ሲያንቀጠቅጥ አየሁት። ጨርቁን ገለጥኩ። ገጣባ ነው፤ ከኮርቻው ሥር መዳፍ የሚያህል ቁስል። ነጠላዬን አጥፌ አስገባሁለት፣ የሆዱን ጠፍር አላላሁለት። ሌላ ምን ላድርግ።» የሞገዱ ድምፅ ይሰማል። «ዋሂዳ፣ በቃኝ። ትኬቴን አስቀይሬ ልመጣ ነው። እዚያው ማስተማሬን እቀጥላለሁ። ይህን ብቻ አባቴ እንዳይሰማ።»

አባቱ ሰሙ። አያ ደጉ ስልኩን መለሱልኝና ወደ ውጭ፣ ወደ ዳማቸው አዩ።

«ቁስሉ የት ጋ ነው አለ?»

«ከኮርቻው ሥር ነው ያለው።»

«ንገሪው። አይ፣ እኔው ልናገር፣ ያን መቅጃ ክፈችው።» ሕንድ ሩቅ ነውና ገበያው ሁሉ እስኪሰማ ጮኹ፤ «ይኸነው! ለብ ያለ የጨው ውሃ! ጠዋትና ማታ! ኮርቻ እንዳያርፍበት! ሥጋ እስኪሞላ ሦስት ሳምንት ነው። እጅህን የጫንክበትን ፈረስ ሳታድን እንዳትመጣ። ከዚያ ወዲያ እንደ ልብህ።»

ስለ ትምህርቱ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ይኸነው ትኬቱን በሦስት ሳምንት ገፋው። ባለፈረሱ ሌላ ፈረስ ስለነበረው ነጩን አሳረፈው። ይኸነው ጠዋት ከክፍል በፊት፣ ማታ ከክፍል በኋላ የጨው ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል፣ ግማሽ ሰዓት ይመለሳል። ባለፈረሱም ባዶ እጁን አልመለሰውም። አሸዋ ላይ አውጥተው ያቆሙትን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ አሳየው። «ውስጡ ጎንበስ ተብሎ ነው የሚኬደው፤ ወገቤ እንደተጣመመ ቀረ» አለ። በገመድ በተንጠለጠለ ሳጥን ኮረብታ ላይ አወጣው፤ ከዚያ ባሕሩና ከተማው አብረው ይታያሉ። «ቆንጆ ነው። ደግሞ ከላይ ሆኖ መቀመጫ አለው» አለ። በማለዳ ዓሣ አስጋሪዎቹ ጋ ወሰደው፤ ዓሣው እንደ ድንች መሬት ላይ ተከምሮ፣ ሴቶቹ እንደኛ አገር ነጋዴ እየተሳደቡ ይሸጣሉ።

ምግብም በዚያው ተጀመረ። የፈነዳ ሩዝ ከሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከተቆላ ለውዝ ጋር አሽተው፣ ሎሚ ጨምቀው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው የሚሰጡት አለ። «ቆሎ በይው» አለኝ፤ «ቆሎ ላይ ሎሚ የጨመቀ ሰው ግን እኛ ዘንድ አልተወለደም።» በቀጭኑ ተጋግሮ የሚንኮሻኮሽ ትልቅ ቂጣም በላ፤ አንዱን ጨርሶ ሁለተኛ አዘዘ። ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ተመለሰ።

አያ ደጉ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ፣ «ባሕሩ ከዘንገና ሐይቅ ይበልጣል?» አሉኝ።

«ማዶው አይታይም አሉ አያ።»

«ታዲያ ሰው ከማዶው ሰው ጋር በምን ይጣላል?» ብለው ተገረሙ።

ሦስት ሳምንቱ ሲያልቅ ቁስሉ ሥጋ ሞላ፣ ፀጉሩ ግን ገና ነበር። ይኸነው ስለ ትኬቱ አላነሣም። እኔም አልጠየቅኩም፤ አንዴ ስልኬ ያወራው ይበቃኛል። አንድ ቀን ግን፣ «ፈረሱ እስኪሽር ስጠብቅ እጄ ሥራ ፈታ፤ ያን አፈር እንደገና መዘንኩት» አለ። ከዚያ ወዲያ ሰባት ወር ነው። ቀን ቤተ ሙከራ፣ ማታ ፈረሱ ጋ፣ እንደገና ጽሑፉ። እያንዳንዱ መልእክት «ደክሞኛል» በሚል ያልቃል። ደስ ብሎኛል ያለበት ቀን ትዝ አይለኝም። «ነጩ ዛሬ ሮጠ» ያለበት ግን አለ።

የዛሬው መልእክት ከሁሉ አጭር ነው። «ዋሂዳ፣ ፈረሙልኝ። ደክሞኛል፣ ልተኛ ነው። ይህንን አባቴ ይስማው።»

የገበያው ቀን ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል። ሦስት ቀን ይዤው ልቀመጥ? ወላሂ አልችልም። ፎቶ ኮፒ የምትፈልጉ ወደ ጎረቤቴ ወደ ሱሀይል ሱቅ ሂዱ፣ የእሱም ማሽን ደህና ነው። ባጃጁ በር ላይ እየጠበቀኝ ነው፤ ያ ስለ ሣር የተጠየቀው ልጅ ነው፣ ወደ ጥርባ መሆኑን ሲሰማ ፈጥኖ መጣ። «የምሥራች» ስል «ምሥር ብይ» የሚለኝ ሌላ ሰው ሳይሆን አያ ደጉ ራሳቸው እንዲሆኑ እፈልጋለሁ። የቀረውን በኋላ አስተካክለዋለሁ፤ ሄድኩ።