ሁለት ጊዜ የላግኩት ዲስክ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። የንስሐ አባቴ ጾም ስለመግደፌም ሰው ስለማማቴም ሰምተውኛል፤ ይህን ግን አልሰሙም። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ ለእናንተ መናገሩ የቀለለኝም ለዚህ ይሆናል።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ፣ ብረት እያሽከረከረ በሚልገው ማሽን፣ በቶርኖ፣ ሠራተኛ ነበርኩ። ጋራዡ ጣና ዳር ነው፤ እርጥበቱ ለብረት አይራራም። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ታዝዞ እስኪመጣ መኪና ወራት ይቆማል። ስለዚህ የዛገውን ዕቃ ቶርኖ ላይ አስሬ፣ ዝገቱን ልጌ፣ አዲስ አስመስዬ መመለስ ሥራዬ ነበር። ጎበዝም ነበርኩ። ጉብዝናዬ አጠፋኝ ብል ሰበብ ይሆንብኛል፤ ያጠፋኝ ጉራዬ ነው።

በየሳምንቱ ሂስና ግለ ሂስ የምናደርግበት የውይይት ክበብ ነበረን። አንድ ቀን እዚያ ተነስቼ፣ በእኔ እጅ ከተላገ የውጭ ዕቃ ምንም አያስፈልገንም አልኩ። ተጨበጨበልኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ? ጭብጨባው ሳይረሳ የጋሼ ሙላት ፔጆ የፊት ፍሬን ዲስኮቹን ጨረሰ።

ጋሼ ሙላት የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነበሩ። መሪ ከጨበጡ ጀምሮ ሰው ቀርቶ ዶሮ ገጭተው አያውቁም። ቆሞ ከቀረ ሌላ ፔጆ ላይ ሁለት ዲስክ ፈታሁላቸው፤ ሁለቱንም ዝገት በልቷቸዋል። አንዱ ባንዴ ጠራ። ሁለተኛውን ዝገቱ ሰርስሮት ነበር፤ ላግኩት፣ አልጠራም፤ ደግሜ ላግኩት። ጠራ፤ ስለካው ግን ከልክ በታች ሳስቷል፤ የሳሳ ዲስክ ደግሞ ፍሬን ሲረገጥ ግሎ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ፣ ይህ አይሆንም፣ አዲስ ይታዘዝ ማለት ነበረብኝ። ምን ከለከለኝ? ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ለዚህ ብቻ።

ጋሼ ሙላት መጥተው ዲስኩን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት።

«ይልማ፣ አልሳሳም? አዲሱ እስኪመጣ ብጠብቅ አይሻልም? እኔ እንደሁ መቆሙን ለምጀዋለሁ።»

«ጋሼ፣ እኔ አለሁበት፤ ይንዱት» አልኳቸው።

«አንተ ካልህ አምኛለሁ» ብለው ይዘውት ወጡ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከጢስ ዓባይ ብቻቸውን ሲመለሱ ቁልቁለት ላይ መኪናው አልቆም አላቸው፤ ከመንገድ ወጥቶ ከቦይ ገባ። ቀኝ እግራቸው ተሰበረ። መኪናውን እንድመረምር የተላክሁት እኔው ነኝ። ጎማውን ስፈታ ሁለት ጊዜ የላግኩት ዲስክ ተሰንጥቋል። አወጣሁት፤ ከቁርጥራጭ ብረት ክምር ሥር ሸሸግሁት፤ ፍሬኑ ጉድለት የለበትም ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ማንም አላስገደደኝም። እውነቱን ብናገር አሻጥር ተብዬ እታሰር ነበር እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ልታሰር እችል ነበር። ታዲያ እኔ እንዳልታሰር እሳቸው ምን አድርገው ነው የሚቀጡት?

ሲሻላቸው በምርኩዝ ክበቡ ፊት ቀረቡ። ሰብሳቢው ግለ ሂስ ያድርጉ አላቸው። አሁን ይከሱኛል አልኩ በልቤ።

«ፍሬን የረገጥሁ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ግን ይልማ የሠራው ነው፤ የሱ እጅ አይሳሳትም። እግሬ ዘግይቶብኝ ይሆናል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሰብሳቢው ሌላ የሚናገር አለ ወይ ሲል ዝም አልኩ። ከሾፌርነት ተነስተው ዘበኛ ተደረጉ። እያነከሱ ለሌሎች ሾፌሮች በር ይከፍቱ ነበር። እኔም በዚያው በር እገባና እወጣ ነበር፤ እንደምን አደሩ እያልኩ።

ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ሹም አቦ ሰፈር ቤታቸው ድረስ ሄጄ እጠይቃቸው ነበር። ማዕድ ይቀርብልኛል፤ እበላለሁ። እንዴት ወረደልኝ? እሳቸው ጉልበታቸውን እያሹ፣ «አየህ ይልማ፣ ሰው የገዛ እግሩ ከከዳው ምን ይቀረዋል?» ይሉኛል። እኔ ምን አልኳቸው? «አይዞዎት ጋሼ፣ ዕድሜ ነው» አልኳቸው። ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። ከሠራሁት ሁሉ ይህች ቃል ታቃጥለኛለች። ዲስኩን የላግኩት እኔ፣ የሸሸግሁት እኔ፣ እግራቸውን እንዲጠረጥሩ ያደረግኋቸውም እኔ ነኝ።

ካረፉ ቆይተዋል። ለልጆቻቸው ልንገር ብዬ ሁለት ጊዜ ደጃቸው ደርሼ ተመልሻለሁ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ነበሩ፣ እሳቸውንም በሕይወት ሳሉ አልለመንኳቸውም። ይህን ብቻ ያዙልኝ፦ ጋሼ ሙላት ፍሬኑን በጊዜው ረግጠዋል።